ቁጥር የገባባቸው ቃላት

ዶብሪን ማንኛውንም ነገር ከመክፈቱ በፊት ቅጂ ያስቀራል። የሚሠራው ሶፊያ ውስጥ፣ የመለኪያ መሣሪያዎች በሚፈተሹበት ላቦራቶሪ ነው። እዚያ አንድ ቴርሞሜትር ተሳስቷል ከመባሉ በፊት መፈተሻው ራሱ ይፈተሻል። ቅዳሜ ጠዋት ትሮያን ከተማ፣ እናቱ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥም በዚሁ ልማዱ ጀመረ። መጀመሪያ ጠረጴዛውን አስተካከለ። ኪቦርዱ ላይ የተጋደመውን የእናቱን መነጽር አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ የድሮ ኢሜይሎቹ የተከማቹበትን ፋይል አግኝቶ በፍላሽ ገለበጠው። ዋናው አይነካም፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሆናል።

ፋይሉን እዚያ ያስቀመጠው እሱ ራሱ ነበር። ኖርዌይ፣ ቤርገን ውስጥ ለዓመታት ሠርቶ ሲመለስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማሽን ላይ ኢሜይሎቹን በሙሉ ወደ አንድ ፋይል ጠቅልሎ በሲዲ ይዟቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ የነካቸው ሰው የለም። መንካትም አላስፈለገም፤ እናቱ በሕይወት ስለነበረች ስልክ አንሥቶ መደወል ይበቃው ነበር።

አሁን ግን አስፈለገ። እናቱ ቫሲልካ ከሞተች መንፈቅ ሊሞላት ነው። እሑድ ስንዴው ተቀቅሎ ቤተ ክርስቲያን ይታደላል፤ ፎቶዋ ያለበት የመንፈቅ ወረቀት ደግሞ በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶውና በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የአርባውን ወረቀት ዝናብ ልጦት ከፎቶው የቀረው ግንባሯ ብቻ ነው። የአዲሱ ጽሑፍ እስከ እኩለ ቀን ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ባለማተሚያዋ ስቴፍካ ከዚያ በኋላ በሯን ቆልፋ አረቄ ልታወጣ ገጠር ትወርዳለች፤ ያን ጊዜ የሚያስቀራት ነገር የለም።

ጠቡ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ነበር። እህቱ ዮንካ አራት መስመር ግጥም እንዲገባ ትፈልጋለች። ዶብሪን ደግሞ እናታቸው ግጥም እንደማትፈልግ በኢሜይል ጽፋልኝ ነበር ይላል። ዮንካ አታምነውም።

«ከፈትከው?» ስትል በመስኮቱ ከግቢ ጮኸች። ቀይ ቃሪያ እየጠበሰች ነበር፤ የተቃጠለው የቃሪያ ልጣጭ ሽታ መጋረጃውን አልፎ ገብቷል።

«ቅጂ እያስቀረሁ ነው።»

«እኔ ሁለተኛውን ሳህን ጠብሼ ጨረስኩ፤ አንተ ገና አቧራ ትጠርጋለህ።»

«ካኮ፣ በሥራዬ አትግቢ።» ካኮ የሚላት ታላቁ ስለሆነች ነው። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላም በስሟ ብቻ ሊጠራት አፉ አልታዘዝ ብሎታል።

«አልገባም። ጻፈችልኝ ያልከውን ካገኘህ እኔ አፌን እይዛለሁ። ካላገኘህ ግጥሙ ይታተማል፤ አንተም አፍህን ትይዛለህ። ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው።»

ግጥሙን ሐሙስ ዕለት በስልኩ ልካለት ነበር፦

በሩን ጠዋት ስከፍተው
ድምፅሽ መስሎኝ እዞራለሁ
መነጽርሽ ካስቀመጥሽበት
እንዲቆይ እተወዋለሁ

እሱም ወዲያው መለሰላት። «መነጽር በመርዶ ወረቀት ላይ ምን ይሠራል? ከስቴፍካ ደብተር ነው ያወጣሽው አይደል? ለሟች ሁሉ የሚሆን ልብስ!» ስቴፍካ ለደንበኞቿ የምታስመርጥበት፣ ግጥሞቹ በተራ ቁጥር የተጻፉበት ደብተር አላት። ሰው መጥቶ «አሥራ ሁለተኛውን አድርጊልኝ» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ዮንካ ለዚያ መልእክት መልስ አልሰጠችም። ዓርብ ማታ ከሶፊያ ሲደርስ ግን ሾርባውን እያቀረበች «አንተ በስልክ የምታውቃትን ሴት እኔ አጥቤያታለሁ፣ አልብሻታለሁ» አለችው። እሱም «እኔ ደግሞ የምትለውን አዳምጫታለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ ጨው ብቻ ነበር።

ፋይሉ ተከፈተ፤ ግን በዝንጀሮ ተሞልቶ። እኛ አገር፣ ከሶፊያ እስከ ትሮያን፣ የተበላሸ ጽሑፍን ዝንጀሮ እንለዋለን። ማሽኑ የሲሪሊክ ፊደላችንን ሳያውቀው ሲቀር በምትኩ ጭራና ቀንድ ያላቸው እንግዳ ምልክቶች ይደረድራል። ዶብሪን አልደነገጠም። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተነበበበት መነጽር ነው የተሳሳተው። ከፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ የዚያን ዘመን የሲሪሊክ ፊደል አሠራር መርጦ ሲጫነው ዝንጀሮዎቹ በአንድ ጊዜ ወረዱና የእናቱ ዓረፍተ ነገሮች ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹን አነበበ። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ማሽን የተጻፉ ነበሩ። አንዱ ላይ ቆየ። «የጓሮው ፕለም ዘንድሮ ቀድሞ አበበ፤ ውርጭ እንዳይመታው ዮንካ ሌሊት ጭስ ታጨስለታለች» ይላል። ይህን ጨርሶ አያስታውሰውም። ለምን እንደሆነ ሲገባው ወደ ኋላ ተደገፈ። ቤርገን የደረሰው ዝንጀሮው ስለነበር ያን ጊዜ አላነበበውም። ፕለሙ ያበበበትን ዜና ገና ዛሬ ሰማ።

ግን ይኼ አይደለም የሚፈልገው። ፋይሉ ውስጥ የቆሻሻ ማስታወቂያም ሞልቶ ስለነበር መጀመሪያ ያን አጸዳ። በርዕሳቸው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀባቸውን፣ ላኪያቸው የማይታወቅ መልእክቶችን ሳይከፍት ለይቶ «ቆሻሻ» ብሎ ወደ ሰየመው ማኅደር ገፋቸው። ብዙ ነበሩ። ከዚያ በቀረው ላይ ፍለጋ ጀመረ። እናቱ የተጠቀመችበትን ቃል በደንብ ያስታውሰዋል። «ግጥም» አላለችም፤ «ስቲህቼ» ነው ያለችው። ትንሽ ግጥም ማለት ነው፤ ስትል አፍንጫዋን የምትሰበስብበት ቃል። ስቲህቼ ብሎ ጻፈ።

የለም።

ሞት ብሎ ጻፈ። በር ብሎ ጻፈ። ነጠላ ሰረዝ ብሎም ሞከረ፤ እናቱ የቋንቋ መምህርት ስለነበረች ስለ ሰረዝ ሳታነሣ ደብዳቤ አትጨርስም። ምንም የለም። ያን ጊዜ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ተከተለ። የእናቱ መልእክቶች የመጀመሪያው ክረምት ላይ ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት የራሱ መልሶች ብቻ ናቸው። «ጉልበትሽን ሐኪም አሳዪው» ይላል አንዱ። «ስለ ፔና አዝናለሁ፤ ለልጆቿ ንገሪልኝ» ይላል ሌላው። ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለዓመታት ሲመልስ የኖረ ሰው ይመስል ነበር።

መደምደሚያው ግልጽ ነበር። መልሶቹ ካሉ ጥያቄዎቹም ነበሩ። ጥያቄዎቹ ከሌሉ የጠፉት እሱ ፋይሉን ሲጠቀልል ነው። በሥራው ዘመን አንድም መለኪያ ሳይመዘግብ ያለፈ ሰው አይደለም፤ የእናቱን ቃል ግን ቤርገን በማሽን ውስጥ ትቶ መጥቷል። ማሽኑም እስካሁን ተቀጥቅጦ ብረት ሆኗል።

ዮንካ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። እጆቿ እስከ አንጓዋ በቃሪያ ቀልተዋል፤ ምንም እንዳትነካ ወደ ላይ ይዛቸዋለች።

«ስቴፍካ ደወለች። እየጠበቀች ነው። ምን ልበላት?»

«የሉም።»

«ምኖቹ?»

«የእማዬ መልእክቶች። አስቀምጫለሁ ብዬ አላስቀመጥኳቸውም።» ስክሪኑን እንጂ እሷን አላየም። «ግጥሙን ላኪላት። አፌን ይዣለሁ።»

ዮንካ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አላላትም። ከኋላው ቆማ አንገቷን አሰገገች። ስክሪኑ ላይ «ቆሻሻ» ያለው ማኅደር ተከፍቶ ነበር።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ማስታወቂያ ነው። የሚጣል።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«እኔ እንጃ። ያን ጊዜ ይላክ የነበረ ቆሻሻ። ቁጥርና ፊደል ቀላቅለው የማጣሪያውን ዓይን የሚያታልሉበት።»

ዮንካ ዓይኗን አጠበበች። በቀላ ጣቷ፣ ሳትነካ፣ አንዱን መስመር አሳየች። 4u6ki ይላል።

«ቹሽኪ ነው እኮ የሚለው» አለች። «ቃሪያ! አንተ የተማርክ ሰውዬ፣ ቃሪያ ነው የሚለው!»

ያን ጊዜ ማሽኖች ፊደላችንን በማያውቁበት ዘመን፣ ወጣቱ ሁሉ ቋንቋችንን በላቲን ይጽፍ ነበር። ላቲን የሌለውን ድምፅ በቁጥር ይሞላል። አራት ቼቲሪ ስለሆነ 4 ለ«ች» ቆመ፤ ስድስት ሼስት ስለሆነ 6 «ሽ»ን ያዘ። ቹሽኪም 4u6ki ሆነ። ዶብሪን ራሱ እንዲህ ጽፏል። ግን እናቱን አልጠረጠረም። ቫሲልካ እኮ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ የቤት ሥራ ላመጣ ተማሪ ከስድስት ሁለት ሰጥታ፣ «ፊደልህን ሸጠህ ቁጥር ገዛህበት?» ብላ በክፍሉ ፊት ያቆመች ሴት ናት። በፊደል ቀን፣ ሜይ ሃያ አራት፣ ዝናብ ቢዘንብም ያለ ጃንጥላ የምትሰለፍ ሴት ናት።

«እማዬ? በቁጥር?» አለ።

«ክፈተውና እንየው።»

ከፈተው። ላኪው አንድ የኢንተርኔት ክበብ ነው፤ ከተማው መሐል የነበረ፣ አሁን ጫማ የሚሸጥበት ቤት። የትምህርት ቤቱ ማሽን ሲበላሽ እናቱ እዚያ መሄድ ጀምራ ነበር። ዶብሪን በዝርዝሩ ወደ ኋላ ሄዶ ራሱ የላከውን አገኘ። «እማዬ፣ የሚደርሰኝ ዝንጀሮ ነው። አንዲትም ቃል አላነበብኩም። በላቲን ጻፊልኝ፤ ለች 4፣ ለሽ 6 አድርጊ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው።» መልሷ ቆሻሻው ውስጥ ነበረ። ቃላቱ በቁጥር የተወጋጉ ቢሆኑም ሰረዞቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። «እሺ። አንተ ካነበብከው ይሁን። ለማንም እንዳትናገር።»

ዮንካ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። «ለካ ለዚህ ነው!» አለች። «አብሬያት ስሄድ ጥጉ ላይ ያለው ማሽን ካልተለቀቀ አትቀመጥም ነበር። ቆማ ትጠብቃለች። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል ትለኛለች። የምን ብርሃን! ተማሪዎቿ እንዳያዩባት ነው።»

ዶብሪን ግን ሌላ ነገር እያጣራ ነበር። እነዚህን መልእክቶች ያን ጊዜ አንብቧቸዋል። ሲያስታውሳቸው ግን አንድም ቀን በላቲን አስታውሷቸው አያውቅም። በሐሳቡ የሚመጡለት በእናቱ እጅ ጽሕፈት፣ በእኛ ፊደል፣ በቀይ ቀለም ሳይቀር ነበር። ትዝታው መልሶ ጽፎለት ነበር ማለት ነው። የፈለገውም ትዝታው የጻፈውን እንጂ እሷ የጻፈችውን አልነበረም።

በፍለጋው ቦታ stih4e ብሎ ጻፈ። አንድ መልእክት ወጣ።

«አንብብልኝ» አለች ዮንካ። «ዓይኔ እዚያ አይደርስም፤ እጄም ቃሪያ ነው።»

ዶብሪን መልእክቱን ቀድሞ በዓይኑ እስከ መጨረሻው ሄደበት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«የጎረቤታችንን የፔናን ወረቀት ዛሬ በሯ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስቲህቼ ጽፈውላታል። አራት መስመር፣ ሦስት ስሕተት። ቀይ እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ እጄን ኪሴ ከትቼ አለፍኩ። እኔ ስሞት ስቲህቼ አልፈልግም። ስሜና መምህርት መሆኔ ይበቃል።»

እዚህ ላይ ቆመ። የቆመው ትንፋሽ ለመውሰድ ነው ቢባል ማንም ያምናል።

ዮንካ እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች በጭንቅላቷ ወደ በሩ አመለከተች።

«በቃ። ቃልህ ቃል ነው። ስቴፍካን የእማዬን ስምና ሙያ ብቻ አድርጊ ትላታለህ» አለችው። ድምፅዋ የተለየ አልነበረም፤ ትከሻዋ ግን ወደ ታች ወረደ። በሩን ልትገፋ ክርኗን አነሣች።

ዶብሪን ስክሪኑን አየ። የቀረው ጽሑፍ ከዮንካ ዓይን ይርቃል፤ ዮንካ በራሷ ከፍታ የምታነበው ነገር አይደለም። ፋይሉ ተዘግቶ ወደ ሶፊያ ቢሄድ ያሸነፈው እሱ ነው፤ የተናገረውም ውሸት የለበትም። ያነበበላት ሁሉ ተጽፏል። ላቦራቶሪው ውስጥ ግን ግማሹ የተነበበ መለኪያ መለኪያ አይባልም።

«ካኮ፣ አላለቀም።»

«ምን ቀረ?»

«ተቀመጪ።»

«እጄ…»

«ቁሚ እንግዲህ።» ዞሮ አነበበ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ቁጥሮቹን ወደ ድምፅ እየመለሰ። «ይህ የእኔ ፍላጎት ነው። ነገር ግን ወረቀቱን እኔ አላነበውም። አንተም ሩቅ ስለሆንክ አንድ ጊዜ አይተኸው ትሄዳለህ። ጠዋትና ማታ በዚያ በር የምታልፈው ዮንካ ናት። እሷ የምትጽፈው ነገር ካላት ተዋት፤ አታሹፍባት። አንተ ነጠላ ሰረዞቹን ብቻ ተመልከትላት።»

ግቢው ውስጥ የቃሪያ መጥበሻው ሲንጣጣ ይሰማል።

«አታሹፍባት ብላ ጻፈች?» አለች ዮንካ።

«አዎ።»

«ያኔ? እኔ ገና ምንም ሳልጽፍ? አንተም ሳታሾፍ?»

«ታውቀኛለች ማለት ነው።»

«ሁለታችንንም» አለች፤ ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገች፤ ቃሪያው ይሁን ሌላ ዶብሪን አልጠየቀም። ለመናገር የቀለለውን ጠየቀ።

«ስንተኛው ነው?»

«ምኑ?»

«ግጥሙ። ከስቴፍካ ደብተር ስንተኛው ቁጥር ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«እንዴት?»

«የለውማ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ይህን ስትል እንደ ተማሪ ወለሉን አየች። «ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንተ በሁለት ደቂቃ መለስክልኝ።»

ዶብሪን ስልኩን አውጥቶ አራቱን መስመሮች እንደገና አነበበ። ሐሙስ ዕለት ያነበበው ሰው ሌላ ይመስል ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀስ ብሎ መሳቢያውን ከፈተ። የእናቱን መነጽር አወጣ፤ ያጠፈውን እጀታ ዘረጋ፤ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«በየት በኩል ነበር?»

«ከኪቦርዱ በላይ። መስተዋቱ ወደ መስኮቱ። አይ፣ ወደ ግራ… አዎ፣ እንደሱ።»

«አቧራ ብቻ ነው የመሰለኝ» አለ።

«በየሳምንቱ ዙሪያውን እጠርጋለሁ» አለች ዮንካ። «ከሥሩ ነው የማልጠርገው።»

ከዚያ ሥራውን ሠራ። ግጥሙን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ እናቱ የተማሪ ደብተር ስታርም እንደምታደርገው በጣቱ እየተከተለ መስመር በመስመር ሄደ። አንድ ቃል አልቀየረም። «ይቆይ» በ«እንዲቆይ» ፈንታ ይሻል ነበር ወይ ብሎ አሰበ፤ ግን ይህ የተሰጠው ሥራ አልነበረም። ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጎድላለች። እሷን አስገባ። ወደ ስቴፍካ ላከው፤ ከእኩለ ቀን በፊት።

«ስንት አገኘህብኝ?» አለች ዮንካ።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«ሦስተኛው መስመር ላይ።»

«እማዬ ስንት ትሰጠኝ ነበር?»

ዶብሪን አሰበበት። ስድስት ሊላት ነበር፤ ስድስት ሙሉ ነጥብ ነው፤ ደስም ይላታል። ግን ጥያቄው ስለ እናታቸው ነው።

«አምስት ተኩል» አለ። «ሰረዟ ባትጎድል ስድስት።»

«ኧረ ተው! ለእኔ አምስት ተኩል!» ዮንካ ፊቷ በራ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአራት አሳልፋኝ አታውቅም፤ የራሷ ልጅ ሆኜ!» ወዲያው አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ውይ! ሦስተኛው ሳህን ከሰለ! በአንተ ምክንያት ነው፤ ና ልጣጭ ታግዘኛለህ» እያለች በክርኗ በሩን ከፍታ ሮጠች።

ዶብሪን ወዲያው አልተነሣም። «ቆሻሻ» ባለው ማኅደር ላይ ማውሱን አሳርፎ ለስሙ ሌላ ቃል ፈለገለት። «እማዬ» ቢለው ሁሉም ፋይል የእሷ ነው፤ «የተገኙ» ቢለው ጠፍተው አልነበሩም። በመጨረሻ ጣቶቹ በራሳቸው ከወጣትነቱ ዘመን እንደለመዱት መቱት፤ ማኅደሩ 4u6ki ተባለ። ቅጂ አስቀረለት፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን እዚሁ ለዮንካ። ከዚያ መነጽሩን ሳይነካ ከጠረጴዛው ተነሥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቃሪያ ሊልጥ ወጣ።